በራሳቸው መንግሥት ላይ የመሰከሩት እንግሊዛዊት

ፍትሕ ወዳድ መሆን ቀላል የሚመስለው ተበዳዩ የራስ ወገን ሲሆን ነው። በዳዩ ባዕድ፣ ተበዳዩ ወንድም ሲሆን ማንም ሰው አንደበቱ ይፈታል። የሰው ሚዛን የሚታወቀው በዳዩ የገዛ መንግሥቱ፣ የገዛ ዘመዱ ወይም የገዛ ጓዱ የሆነ ዕለት ነው። ሃይማኖታችን በራስ ነፍስ፣ በወላጅና በቅርብ ዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ መመስከርን ያዛል። ትእዛዙን የማያውቅ የለም፤ በሥራ ያዋለው ግን ስንት ነው? ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ታሪካቸውን የማነሳላችሁ ሴት ሙስሊም አልነበሩም፤ ኢትዮጵያዊም ሆነው አልተወለዱም። ሆኖም ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሚዛን ላይ ቆመው አሳልፈዋል። እኒህም ሴት ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

ስማቸው ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የታሪክ ሊቁ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ልጃቸው ናቸው። መቃብራቸውም አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ውስጥ ለአርበኞች በተከለለው ቦታ ይገኛል። ብዙዎቻችን ግን የምናውቃቸው የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበሩ ፈረንጅ በመሆናቸው ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የታሪካቸው ጭራ እንጂ ራሱ አይደለም። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በአገራቸው እስር ቤት ደጋግመው የታሰሩ፣ ከእናታቸውና ከእህታቸው የተቆራረጡ ሰው ነበሩ። ያንን ሳናውቅ ለእኛ ያደረጉትን ማወቅ አንችልም።

ሚስ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ጠበቃ ነበሩ። የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ከማንም ቀድመው ያዘጋጁ፣ ለድሃው የሚሟገቱ፣ በዚህም የተነሣ ብዙ ጠላት ያፈሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሞቱ ሲልቪያ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሥዕል የመሣል ተሰጥኦ ስለ ነበራቸው በማንቸስተር፣ ኋላም ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሩ። የሠዓሊነት ኑሮ ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ቤታቸው የትግል ሠፈር ሆነ።

እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1903 የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቅ ማኅበር አቋቋሙ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ሴት ግብር ትከፍላለች፣ በፋብሪካ ትሠራለች፣ ሕግ ሲወጣ ግን ድምፅ የላትም። ሲልቪያ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ወደ ሰልፉ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ። በ1913 ደግሞ በእስር ቤት ምግብ አልበላም ብለው አደሙ፤ ጠባቂዎች ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ እየከተቱ በግድ መገቧቸው። ይህ በሕዝብ ዘንድ ቁጣ ሲያስነሣ መንግሥት አዲስ ብልሃት አመጣ። በረኀብ አድማ የደከመችውን እስረኛ ይለቃታል፤ ትንሽ ስታገግም መልሶ ይይዛታል። ሕዝቡም የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ጠራው። ሚስ ሲልቪያ በዚህ ሕግ ብዙ ጊዜ ተፈትተው ብዙ ጊዜ ታሰሩ። ምግብ ብቻ ሳይሆን ውኃና እንቅልፍም እየተዉ አደሙ።

እዚህ ላይ ነው ከቤተሰባቸው ጋር መለያየት የጀመሩት። እናታቸውና ታላቅ እህታቸው ክሪስታቤል ዐይናቸውን በባለጸጋ ሴቶች ላይ አድርገው ነበር። ሲልቪያ ግን ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ወደብ ሠራተኞችና ልብስ ሰፊዎች መንደር ወርደው ከድሆቹ ጋር መኖር ጀመሩ። መብት ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚንጠባጠብ ሳይሆን ከሁሉ በታች ላለችው ሴት የሚደርስ መሆን አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ከእናታቸው ማኅበር ወጥተው የራሳቸውን እንዲመሠርቱ ተደረገ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ በረኀብ ተዳክመው ሳለ ሰዎች ተሸክመው እስከ ፓርላማው ደጃፍ አደረሷቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን መልእክተኞች ካላነጋገሩ ከዚያ እንደማይነሡ አስታወቁ። ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝም መልእክተኞቹን ለመቀበል ተገደዱ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የሰው ልብ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። እናታቸውና ክሪስታቤል ትግሉን አቁመው ከመንግሥት ጎን ቆሙ፤ ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ እንዲዘምቱም ቀሰቀሱ። ሲልቪያ ግን ጦርነቱን ተቃወሙ። የሚሞተው ድሃው፣ የሚያተርፈው ሌላው ነው ብለው በጋዜጣቸው ጻፉ፣ በአደባባይም ተናገሩ። ሲናገሩም ድንጋይና የበሰበሰ አትክልት የሚወረውርባቸው ጥቂት አልነበረም። እናታቸው በአደባባይ አወገዟቸው።

ይሁን እንጂ ሥራቸው ተቃውሞ ብቻ አልነበረም። ባሎቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች በረኀብ እንዳይጎዱ በዋጋው ብቻ ምግብ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ሥራ ለሌላቸው ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋሙ። የጠመንጃ ሠሪዎች ክንድ ይባል የነበረን አንድ መሸታ ቤት ተከራይተው የሕፃናት መዋያና ክሊኒክ አደረጉት፤ ስሙንም የእናቶች ክንድ ብለው ለወጡት። ጋዜጣቸው «ድሬድኖት» እ.ኤ.አ. በ1917 ሲግፍሪድ ሳሱን የተባለ ባለ ኒሻን የጦር መኮንን ጦርነቱን በመቃወም የጻፈውን መግለጫ ሲያወጣ ፖሊስ ቢሮውን ፈተሸ። ጦርነቱም አብቅቶ እንግዲህ ሰላም ሆነ በተባለበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ በባሕር ኃይል ውስጥ አመፅ የሚያነሣሣ ጽሑፍ አትመዋል ተብለው የ6 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ከጃማይካ የመጣውን ጥቁር ገጣሚ ክሎድ ማኬይን በጋዜጠኝነት ቀጥረው ያሠሩትም በዚሁ ጊዜ ነው። ለጥቁር ሰው የእንግሊዝ ጋዜጣ በሩን በማይከፍትበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ያን ሰሞን የሩሲያው አብዮት የዓለምን ድሆች ልብ ስቦ ነበር። ሚስ ሲልቪያም ሞስኮ ድረስ ሄደው ከሌኒን ጋር ተገናኙ፤ ተከራከሩም። የእንግሊዝ ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣቸውን ለፓርቲው ቁጥጥር እንዲያስረክቡ ሲጠይቃቸው እምቢ አሉ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1921 ከፓርቲው ተባረሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በመጀመሪያ እናታቸው፣ ቀጥሎ መንግሥታቸው፣ ከዚያም ጓዶቻቸው ናቸው። በሦስቱም ጊዜ ዝም ማለት ያተርፋቸው ነበር፤ ዝም አላሉም።

ከኢጣሊያዊው ስደተኛ ሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ ስለ ፋሺዝም ከማንም እንግሊዛዊ ቀድመው ተረዱ። ሞሶሎኒ ሥልጣን በያዘበት ወራት የለንደን መኳንንት ሥርዓት አስከባሪ ሰው እያሉ ሲያወድሱት እርሳቸው ግን አደገኛነቱን ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 በፋሺስቶች የተገደለውን የፓርላማ አባል የጃኮሞ ማቴዎቲን ባለቤት ከፖሊስ ጥበቃ ለማላቀቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ዓለም አቀፍ የሴቶች ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በጄኔቭ ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ ሲመከር የእንግሊዝ መንግሥት ከአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብቱ እንዳይነካበት ተከራከረ። ሚስ ሲልቪያም መልሳቸውን በድንጋይ ሰጡ። ዉድፎርድ በተባለው የለንደን ዳርቻ፣ በመኖሪያቸው አጠገብ፣ የቦምብ ቅርጽ ያለው ሐውልት አሠርተው ያንን መብት ላስከበሩ ሰዎች መታሰቢያ ይሁን ብለው በምጸት አቆሙት። ሐውልቱ ዛሬም አለ። ባለሥልጣኖች ለጀግንነታቸው ሐውልት ሲያቆሙ ብዙ አይተናል፤ ለነውራቸው ሐውልት ያቆመላቸው ግን እምብዛም የለም።

እንግዲህ ወደ እኛ ጉዳይ የመጡት ይህን ሁሉ ካሳለፉ በኋላ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ስትወር፣ የመርዝ ጋዝም በሕዝባችን ላይ ስታዘንብ፣ ሚስ ሲልቪያ የ53 ዓመት ሴት ነበሩ። ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ማለትም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936) «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ። ዕለቱ 54ኛ የልደት ቀናቸው ነበር። ኢትዮጵያ አበቃላት ተብሎ በተነገረበት ቀን ኢትዮጵያ አላበቃላትም የሚል ጋዜጣ መጀመር ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? ጋዜጣው ለ20 ዓመታት ሳይቋረጥ ወጣ። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ከነበሩት ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋር እየተረዳዱ ከአገር ቤት የሚመጣውን ወሬ ለዓለም አሰሙ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ጭፍጨፋ ይፋ ካወጡት ውስጥ አንዱ ይህ ጋዜጣ ነው። በዚያ ጭፍጨፋ ያለቀው ሕዝብ በኢትዮጵያ መንግሥት አኀዝ 30,000 ይደርሳል።

ለሙስሊም አንባቢ ግራዚያኒ የሚለው ስም ሌላም ቁስል ይቀሰቅሳል። የሊቢያውን አርበኛ ሼኽ ዑመር ሙኽታርን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 በሕዝቡ ፊት ያሰቀለው፣ የቤዱዊንን ሕዝብ በሽቦ አጥር ያጎረው ይኸው ሰው ነበር። ይኸው አገዛዝ አዲስ አበባ ገብቶ የእስልምና ጠባቂ ነኝ እያለ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ሊለያይ ሞከረ። በሊቢያ የሰቀለው እጅ በአዲስ አበባ አጎራሽ ሊሆን እንደማይችል ለማወቅ ብዙ ማስተዋል አይጠይቅም ነበር። ሚስ ሲልቪያ ከጦርነቱ በኋላ ኢጣሊያ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ሊቢያን መልሳ እንዳትይዝ ሲሟገቱ የቆዩትም የሰለባዎቹን ሃይማኖት ሳይጠይቁ ነው።

አንዳንድ የሰላም ወዳጆች ግን በእርሳቸው ላይ አጉረመረሙ። ጦርነትን ሲቃወሙ የታሰሩት ሴት እንዴት ዛሬ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ይጣል፣ ኢትዮጵያም መሣሪያ ታግኝ ይላሉ? ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም። የእኔ ግንዛቤ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 የተቃወሙት ኃያላን ለቅርጫ ሲሉ ድሃን የሚማግዱበትን ጦርነት ነው፤ በ1935ም የተቃወሙት ያንኑ ነው። ቤቱ የተወረረ ሰው ሲከላከል ሁለቱንም እኩል ተኳሽ ማለት ሰላም መውደድ ሳይሆን ለወራሪው ማገዝ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1938 የኢጣሊያን ወረራ በይፋ ሲያውቅ ይህን ሰላም ብሎ ነበር የጠራው። ሰላሙ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም።

ተወልጄ ያደግሁት በአዊ ዞን፣ አዘና ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የጣሊያን ዘመን ታሪክ ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ የሚወራው ስለ አርበኛ፣ ስለ ባንዳና ስለ ፈረስ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. ሲሆን ለዐድዋ ዘማቾችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። ስለ እንግሊዝ ግን አገራችን የምታስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከወረራው በፊት ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን የጣናንና የዓባይን ውኃ ሲያጠኑ ኖሩ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መኮንኖች ከንጉሠ ነገሥቱና ከአርበኞች ጋር በእንጅባራና በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ። ውኃችንን የፈለገው እንግሊዝና ጦር የላከው እንግሊዝ ይታወሳሉ። እንግሊዝ ወረራውን ባወቀችበት ዘመን የጎጃም አርበኛ እየተዋጋ ነው፣ አልተገዛም እያሉ በየሳምንቱ ይጽፉ የነበሩትን ሴት ግን አዘና ላይ ማንም ሲያነሣቸው አልሰማሁም። እኔም ያወቅኋቸው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ ያለበት ቤት የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ በየካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተርም ልጃቸው ሪቻርድ ነበሩ።

ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ ትግላቸው አላበቃም። አሁን ተከሳሹ የገዛ መንግሥታቸው ሆነ። እንግሊዞች ኢትዮጵያን እንደ ተያዘ የጠላት አገር ማስተዳደር ሲቃጣቸው፣ ኦጋዴንን ይዘው ሲቀሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ የኤርትራን ወደቦች መሣሪያ ነቅለው እንደወሰዱ ሲታወቅ፣ ሚስ ሲልቪያ በጋዜጣቸውና በመጻሕፍታቸው አጋለጡ። የእንግሊዝ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ይከታተላቸው ነበር። በሌላ በኩል ናዚ ጀርመን እንግሊዝን ብትይዝ ወዲያው ሊታሰሩ ይገባል ብላ በጻፈችው ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ነበረበት። ከሁለቱም ወገን የተፈራ ሰው እውነቱን የያዘ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው ሲሞቱ ሚስ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል ለማሠራት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው እርሱ ነው። ኮሪዮ እ.ኤ.አ. በ1954 ከሞቱ በኋላ በ1956፣ በ74 ዓመት ዕድሜያቸው፣ ቤታቸውን ዘግተው ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ማረፍ ሲገባቸው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። ትምህርት ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ ታሪኩን፣ የሴቶችን ሥራ እየዞሩ ጻፉ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ታላቅ ሥርዓት ተቀበሩ።

ሰውን ስናወድስ ጉድለቱን መሸፈን ግን የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም። በትዳርና በእምነት ጉዳይ የሄዱበት መንገድ የእኛ መንገድ አይደለም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ሌላ ነው። በገዛ አገራቸው ንጉሥንና ሚኒስትርን ያልፈሩት ሴት በአዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ሲተቹ አልታዩም፤ መጽሔታቸውም የትችት መጽሔት አልነበረም። በዚያው ዘመን ገበሬው ጭሰኛ ነበር። ሙስሊሙ በአገሩ እንደ እንግዳ ይቆጠር ነበር፤ በዓሉም የመንግሥት በዓል አልነበረም። ይህን ለማስለወጥ ሙስሊሙ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አደባባይ መውጣት ነበረበት፤ ብዙ ክርስቲያን ወገኖችም አብረውት ወጥተዋል። ሚስ ሲልቪያ በወራሪ የተበደለችውን ኢትዮጵያ አዩ፤ በኢትዮጵያ ውስጥ የተበደለውን ግን ያንኑ ያህል አላዩም። ለተቀበለን አገርና ላከበረን ሰው እውነቱን መናገር ከባላጋራ ጋር ከመታገል ይከብዳል ማለት ነው።

ታዲያ ከእኒህ ሴት የምንወስደው ምንድን ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት በመካ በተደረገው የሒልፉል ፉዱል ቃል ኪዳን ተገኝተው ነበር። ቃል ኪዳኑ የተደረገው ዕቃውን ሽጦ ገንዘቡን ለተከለከለ አንድ የየመን እንግዳ ነጋዴ ሲባል ነው። ቃሉን የገቡት ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ሆኖም ነቢዩ ከእስልምና በኋላም ቢሆን ወደዚያ ዓይነት ቃል ኪዳን ቢጠሩ እንደሚመጡ ተናግረዋል። ለተበደለ የቆመን ሰው ማንነቱን ሳንጠይቅ ማክበር፣ አብሮም መቆም እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን ማክበሩ ብቻ አይበቃም። ጎረቤታችን ክርስቲያን ሲበደል፣ የሌላ ብሔር ሰው በማንነቱ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ በዳዩም የእኛው ቋንቋ ተናጋሪ ወይም የእኛው እምነት ተከታይ ሲሆን አንደበታችን ይፈታል ወይ? ስለ ራሳችን መበደል ጮኸናል፤ መጮኻችንም ተገቢ ነው። ሚስ ሲልቪያ ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው የገዛ ወገናቸውን በደል ለዓለም ተናግረዋል። እኛም ከመቃብራቸው አጠገብ ስናልፍ ይህችን አንዲት እርምጃ ብናስብ መልካም ነው። አላህ በወገናችን ላይም ቢሆን ለእውነት የምንመሰክር ያድርገን። ወሰላም።